ሁለት ተራሮች፣ አንድ መጥረቢያ

አዲስ አበባን ሁለት ተራሮች ከላይ ሆነው ይመለከቷታል፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ። የእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ነው፤ የምዕራብ ጫፉ ወደ ቡራዩ ይወርዳል። ወጨጫ ደግሞ በደቡብ ሰበታን፣ በሰሜን የመናገሻን ከተማና የሆለታን መንገድ ከእግሩ ሥር አድርጎ እስከ 3385 ሜትር ይወጣል። ሁለቱም እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው፤ ሁለቱም ደጋ ናቸው፤ ሁለቱም ጽድና ወይራ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮሶና አስታ የሚስማማቸው ናቸው። ዛሬ ግን እንጦጦ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በወጨጫ ደቡብ ምዕራብ ገጽ፣ መናገሻ ሱባ በሚባለው ደን ውስጥ፣ ግንዳቸውን ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፋቸው ጽዶች ቆመዋል፤ ጉሬዛ በቅርንጫፋቸው ላይ ይዘላል፣ የምኒልክ ድኩላ በሥራቸው ያልፋል። አንዲት ከተማ፣ አንድ ዓይነት የማገዶ ረሃብ፣ አንድ ዓይነት መጥረቢያ ሁለቱን ተራሮች ጎብኝቷቸዋል። ታዲያ አንዱን ገፎ ሌላውን ለምን አተረፈው? የዚህ ጥያቄ መልስ ስለ ተራሮቹ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በሰፊው ስለሚነገርለት አንድ ጉዳይም የሚያስረዳው አለ።

ጉዳዩ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃና ከሕያው ሀብት የሚገኝ ኢኮኖሚ ግንኙነት ነው። ባዮኢኮኖሚ የሚሉት ከእንጨት፣ ከእህል፣ ከመድኃኒት ተክል፣ ከማርና ከመሳሰሉት ታዳሽ ሕያው ሀብቶች ምርትና ገቢ የሚያፈራውን የኢኮኖሚ ክፍል ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጋራ የባዮኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ አድርገዋል። ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ተስፋ አለ፤ ደን ገቢ ካስገኘ ሰው ራሱ ይጠብቀዋል የሚል። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ገበያ የነካው ዱር ሁሉ ያልቃል፣ መዳኛው ከገበያ መራቅ ብቻ ነው ይላሉ። የመናገሻ ታሪክ ለሁለቱም ወገን አይመችም። የሚያሳየው፣ ጥቅም በመጥረቢያው ላይ ያለውን ጫና ወደ ሌላ ዛፍ ሊያዞረው እንደሚችል፣ ነገር ግን በራሱ ምንም ነገር እንደማይጠብቅ ነው። የሚጠብቀው ከገበያው ዋጋ ጋር የማይወጣና የማይወርድ አጥር ነው። አጥር ስል ሽቦ ማለቴ አይደለም፤ «ይህ አይነካም» የሚል፣ ከኋላው ሥልጣንም እምነትም ያለው ቃል ማለቴ ነው።

የመናገሻ ደን ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የዘር ጉዞ ነው። ለትውልድ ሲተላለፍ የኖረው ትውፊት እንደሚለው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የወጨጫ ተራራ ተራቁቶ አይተው፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዲተከል፣ ደኑም የንጉሥ ሆኖ እንዲጠበቅ አዘዙ። ይህ እውነት ከሆነ በአፍሪካ በመንግሥት ትእዛዝ ከተጠበቁ ደኖች ሁሉ እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ትእዛዙ ግን ደንን ለደንነቱ ብቻ የወደደ አልነበረም ብሎ መገመት ይቻላል። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ዝናብ የማያበሰብሰው የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት እንጨት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራ ንጉሥ ጽድ ሲያስተክል ለነገ ምሰሶና ሳንቃ እያሰበ ነው። በዘመኑ ቋንቋ ብንናገር ተከላውም ጥበቃውም የኢኮኖሚ ሥራ ነበር። ልዩነቱ፣ ጽድ ለምሰሶ የሚደርሰው ተካዩ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። አጥሩ የተሠራው ለአንድ ሰው ዕድሜ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ትውፊት ማስረጃ አይደለም፣ ደኑም ራሱ የበቀለ ሊሆን ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም ዛፉ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት አለ። ጽድ በራሱ ጥላ ሥር በደንብ አይበቅልም፤ ችግኙ ብርሃን ይፈልጋል። ባልተነካ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ቀስ በቀስ ሰፊ ቅጠል ላላቸው ዛፎች ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ እኩያ ሆነው የቆሙ ብዙ ትልልቅ ጽዶች ባሉበት ቦታ መሬቱ አንድ ጊዜ ገላጣ ነበር ማለት ነው፤ በእሳት፣ በግጦሽ፣ በእርሻ ወይም በተከላ። ይህ የዘርዓ ያዕቆብን ስም አያረጋግጥም። ነገር ግን መናገሻ የሰው እጅ ያልነካው ዱር ሳይሆን ሰው አጥፍቶት፣ ሰው መልሶ የተወው ወይም የተከለው ደን መሆኑን ይጠቁማል። ከሁሉም በላይ ትውፊቱ ራሱ ሥራ ሠርቷል። «የንጉሥ ደን ነው» የሚለው ወሬ፣ ትእዛዙን ማን እንደሰጠ ለማያውቅ እንጨት ቆራጭም ቢሆን፣ እጁን የሚይዝ አጥር ነው።

ያ አጥር በእውነት የተፈተነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ምኒልክ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ ሲያደርጉ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ሸዋ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው የማገዶ ፈላጊ ተወለደ። የቀደሙት የነገሥታት ከተሞች አብዛኞቹ ተነቃይ ሰፈሮች ነበሩ፤ እንጨቱ ሲያልቅ ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል፣ መሬቱም ያርፋል። ይኼኛው ግን አልነቀለም። እንጀራ በየቤቱ ይጋገራል፣ ጠላና ጠጅ ይጠመቃል፣ ለቤት ቋሚና ማገር ይቆረጣል። የእንጦጦ ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት አለቀ፤ ማገዶ ፍለጋው የቀን መንገድ ሆነ። ነገሩ ከመክበዱ የተነሳ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀደምቶቻቸው ከተማዋን ለማዛወር አሰቡ። ደን ወደሚገኝበት ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረው ሕንፃ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም የአዲስ ዓለም ማርያም ይባላል። ዋና ከተማዋ ቀረች፤ ያስቀራትም በአብዛኛው አንድ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ስሙ ታሪኩን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን በ1887 ዓ.ም. አካባቢ እንደገባ፣ ያስገባውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው የምኒልክ ፈረንሳዊ አማካሪ እንደሆነ ይነገራል። የተመረጠበት ምክንያት ውበቱ አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለቋሚ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም፣ ስለዚህ እረኛ አያስፈልገውም። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲሰጥ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። የመሬት ባለቤቶች ገበያውን ወዲያው አዩት። የኋላ ኋላ ከተማዋን የከበበው አረንጓዴ ቀለበት የመኳንንትና የባለርስት የገቢ ምንጭ ሆነ። አጠናው ቤት ሠራ፣ ፍልጡ ምድጃ ሞላ፣ ቅጠልና ጭራሮው ደግሞ የድሃ ምጣድ አሰማ፤ ከእንጦጦ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም የዚያ ገበያ የመጨረሻ እርከን ሆኑ። ይህ ሁሉ ቃሉ ሳይፈጠር የነበረ ባዮኢኮኖሚ ነው። ከተማዋን እንዳትነቀል ያደረገው እሱ ነው።

ታዲያ ባሕር ዛፍ የመናገሻን ጽድ አዳነ ማለት ይቻላል? በከፊል አዎ። ከተማዋ የምታቃጥለው ሌላ ባይኖራት ኖሮ መጥረቢያው ወደ ወጨጫ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ነው ሁለቱን ተራሮች ጎን ለጎን ማየት የሚያስፈልገው። ባሕር ዛፍ ከሁሉ አብዝቶ የተተከለው እንጦጦ ላይ ነው። ተተኪው ዛፍ በራሱ የአገሩን ዛፍ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ፣ እንጦጦ ጽዱን መልሶ ማግኘት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ገቢ የሚያስገኘው ዛፍ ያለቀውን ዛፍ ቦታ ወረሰና እዚያው ቀረ። ባለርስት ለሰው ዕድሜ የሚዘገይ ጽድ ተክሎ በጥቂት ዓመት የሚሸጥ አጠና የሚተውበት ምክንያት የለውም። ወጨጫ ላይ ግን ተተኪው ከአጥሩ ውጭ ሆነ፣ ጽዱ ከአጥሩ ውስጥ። አንድ ዓይነት ገበያ፣ አጥር ባለበት ቦታ ደኑን አሳረፈ፤ አጥር በሌለበት ቦታ ደኑን ተካ።

ሰው ግን ሊከራከር ይችላል፤ ወጨጫን ያዳነው አጥር ሳይሆን ርቀት ነው፣ እንጦጦ ከከተማዋ አናት ላይ ሲሆን ሱባ የአህያ ጭነት የሚያደክም መንገድ አለው ይል ይሆናል። ርቀት መርዳቱን አልክድም። ነገር ግን ከሱባ ይበልጥ የሚርቀው የአዲስ ዓለም አካባቢ ደን የንጉሥን ዓይን ከሳበና መንገድ ከተሠራለት፣ ርቀት መንገድ እስኪመጣ ብቻ የሚያገለግል ከለላ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ራሱ እንጦጦ ላይ አለ። ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ በሆነበት፣ በእንጦጦ ማርያምና በራጉኤል ቅጥር ውስጥ ጽድና ወይራ ቆመዋል። ከምድጃው ያላቸው ርቀት ከጎረቤታቸው ባሕር ዛፍ ጋር እኩል ነው። ማገዶ በጠፋበት ዘመንም ሆነ ዋጋው በናረበት ዘመን እነሱን ያቆማቸው ርቀት ሊሆን አይችልም። ቅጥሩ ነው፤ ከቅጥሩም በላይ «የታቦቱ ዛፍ ነው» የሚለው ፍርሃት ነው። በደጋው ኢትዮጵያ ብዙ ወረዳዎች የአገር በቀል ዛፍ ዘር ዛሬ የሚለቀመው ከእንዲህ ዓይነት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ባሕር ዛፍን በዚህ መጠን ማመስገን የሚያስቆጣቸው ይኖራሉ። ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ወፍ አይጠራም የሚለው ክስ አዲስ አይደለም። በ1905 ዓ.ም. አካባቢ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ ለሐር ትል የሚሆን የሾላ ዘመድ ዛፍ እንዲተከል ታዞ ነበር። ትእዛዙ አልተፈጸመም፤ ማገዶ ፈላጊዋ ከተማ ሐር አትለብስም፣ ባለርስቱም የሚሸጠውን ነቅሎ ገበያ የሌለውን አይተክልም። ይህ የከሸፈ ትእዛዝ ብዙ ያስተምራል። በዚያ ዘመን የነበረው ስሕተት ባሕር ዛፍን መትከሉ ሳይሆን፣ ገበያውን በአዋጅ ብቻ መገልበጥ ይቻላል ብሎ ማሰቡ ነው። ክሱ እውነት የሚሆነው ዛፉ በምንጭ ራስና በእርሻ ዳር ሲቆም ነው። ለምድጃ ሲባል በተራቆተ ገደል ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ግን በሌላ ቦታ የሚቆም ጽድ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የትኛው ዛፍ ይሻላል የሚለው ሳይሆን የትኛው የት ይቁም የሚለው ነው፤ ድንበሩን ደግሞ ገበያ አያሰምርም።

ጥቅም በራሱ ጠባቂ አለመሆኑን በወጨጫ ከፍታ ላይ የሚበቅለው ኮሶ ከማንም በላይ ይመሰክራል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ አበባ የየቤቱ የሆድ ትል መድኃኒት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። የሚፈለገው አበባው ብቻ በመሆኑ ዛፉ ቆሞ ነው የሚጠቅመው፤ ማንም የመድኃኒቱን ምንጭ አይቆርጥም። ከዚያ የፋብሪካ ኪኒን መጣና የኮሶ አበባ ዋጋ ወደቀ። የቀረው የዛፉ ዋጋ ቀይ፣ ለቤት ዕቃ የሚሆን ጣውላው ነው፤ ጣውላ ደግሞ የሚገኘው ዛፉ ሲወድቅ ነው። ዛፉ ያው ነው፣ ተራራው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰው የሚፈልገው የአካል ክፍሉ ብቻ ነው። ገበያው ትናንት ዘበኛ ነበር፤ ዛሬ ቆራጭ ሆነ። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ያደረገው ገበያው የተወውን ሥራ ለመሥራት ነው። በመናገሻ ሱባ የሚገኘው ጥቁር እንጨትም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት በአውሮፓ ስለተፈለገ፣ በካሜሩንና በማዳጋስካር ዛፎች ቆመው ተገፈፉ። ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ። መድኃኒትነቱ ዛፉን አላዳነውም፤ ልጡን አስገፈፈው።

ከዚህ የሚከተል ከባድ ነጥብ አለ። የአንድ ፍጥረት ዋጋ አስቀድሞ አይታወቅም። የመናገሻ ዙሪያ ደጋ፣ ከሆለታ እስከ ሱሉልታ፣ የገብስ አገር ነው። ገበሬው በየማሳው ሲያቆየው ከኖረው የኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ፣ ገብስን የሚያቀጭጭና ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ የሚቋቋም ባሕርይ ተገኝቶ፣ የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ እንደ ጠቀመ የዕፅዋት ሊቃውንት የሚያነሱት የታወቀ ምሳሌ ነው። ያን ዘር ያቆየው ገበሬ የካሊፎርኒያን በሽታ አያውቅም፤ ዋጋም አልተከፈለውም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ማዕከል ማቋቋሟ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ክፍያ እንዳይወሰድ መደንገጓ ከዚህ ግንዛቤ የመጣ ነው። ጥበቃን በዛሬ ዋጋ ብቻ የምንመዝን ከሆነ የምናቆየው ዛሬ የሚሸጠውን ብቻ ነው፤ ነገ የሚፈለገው ግን ዛሬ ማንም የማይገዛው ሊሆን ይችላል። ባዮኢኮኖሚ የሚባለው ሁሉ በመጨረሻ የሚቀዳው ከዚህ ካልተቆጠረ ጎተራ ነው። ስለዚህ ጥበቃ የኢኮኖሚው አንድ ክፍል ሳይሆን የኢኮኖሚው ቅድመ ሁኔታ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይመጣል፤ የአጥሩን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? የንጉሥ ደን ማለት ለዙሪያው ገበሬ፣ በተለይም በወጨጫ ግርጌ ለኖረው የሜታ ኦሮሞ፣ ከብቱ የማይገባበት፣ ምሳሩ የማይደርስበት መሬት ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ብሂል ለእሱ የተተረተ ይመስላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጋዝ ወደ ሱባ ሲገባና በተራራው ላይ የፈረንጅ ጽድና ፓቱላ የተባለው የውጭ ዛፍ ሲተከል ጣውላው የተጓዘው ወደ ከተማ ነው። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ደኑ ግን ከባለርስቱና ከዘውዱ እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሆነ እንጂ ወደ ጎረቤቱ አልተመለሰም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ሕዝቡ ወደ መንግሥት ደን መጥረቢያ ይዞ የገባው ደንን ስለጠላ አይደለም፤ ያ ደን የእሱ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ግን የሚያፈርሰው አጥርን ሳይሆን የአጥርን አሠራር ነው። በሥልጣን ብቻ የቆመ አጥር ሥልጣኑ በተናጋ ማግስት ይወድቃል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መንግሥት ሲቀያየር ያልወደቀው በዙሪያው ያለው ሰው የእኔ ነው ስለሚለው ነው። የባዮኢኮኖሚ እውነተኛ ሥራ እዚህ ጋ ይመጣል፤ ደኑን መጠበቅ ሳይሆን ጠባቂውን ማቆየት። ማር፣ የተለቀመ ዘር፣ የጎብኚ ገንዘብ፣ ከተተከለው ዛፍ የሚገኝ ጣውላ ለጎረቤቱ ድርሻ ሲያወጡ፣ አጥሩ ሰው ያገኛል። በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት መናገሻ ሱባን ሲያስተዳድር የተሸከመው ደኑንም ጠባቂውንም የማቆየት ድርብ ሥራ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን በሕግ ማወቁ ለዚህ መንገድ ከፍቷል።

እስካሁን የተናገርነው ግን ስለ እንጨት ረሃብ ነው። የዛሬው ረሃብ ሌላ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ተራሮቹን ከአሁን በኋላ የሚጠይቃቸው ከምድጃው ይልቅ የቤት ቦታው፣ የፋብሪካው ግቢና መንገዱ ነው። ለማገዶ ረሃብ መልስ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ምድጃውንም በጊዜ ብዛት ኤሌክትሪክና ጋዝ እየተካው ነው። መሬት ግን ተተኪ የለውም። ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ፣ በጥቂት ዓመት የሚደርስ መሬት ከየትም አገር አይመጣም። ስለዚህ ጫናውን ወደ ሌላ ማዞር የሚለው የምኒልክ ዘመን መፍትሔ በዚህ ትውልድ ላይ አይሠራም። አንድ ካሬ ሜትር መሬት በከተማ ጫፍ የሚያወጣውን ዋጋ ማር አያወጣም፣ ጎብኚም አያወጣም። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጦ ደኑ እንዲያሸንፍ መጠበቅ፣ በ1905 ሐር ማገዶን እንዲያሸንፍ ከመጠበቅ አይለይም። ከወጨጫ ወደ አዋሽ የሚወርደው ውኃ፣ በገደሉ ላይ የተያዘው አፈር በካሬ ሜትር ዋጋ ውስጥ አይገቡም፤ የሚቆጠሩት ከጠፉ በኋላ፣ በጎርፍና በደረቀ ምንጭ ነው።

ወደ መጀመሪያው የዘር ጉዞ እንመለስ። ትውፊቱ እውነት ከሆነ መናገሻ ዛሬ ያላት ጽድ የወፍ ዋሻ ውለታ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ወጨጫን መልሰው ለማልበስ የቻሉት በሰሜን ሸዋ አንድ ያልተቆረጠ ደን ስለነበረ ነው፤ ያን ደን ያቆየው ሰው ስለ ወጨጫ ያሰበው አንዳች ነገር አልነበረም። ወፍ ዋሻ በጊዜው ዋጋ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ መልእክተኛው የሚለቅመው ዘር ባላገኘ ነበር። እንጦጦን እንደገና አገር በቀል ዛፍ ለማልበስ የሚደረገው ጥረትም ዘሩን ሊለቅም የሚችለው ከቅጥር ውስጥ ከተረፉት ጽዶችና ከወጨጫ ማዶ ካለው ደን ነው። አንዱ ተራራ ቢገፈፍም ሌላው ቆሞለታል። ሁለቱም ከተገፈፉ ግን ዘር ፍለጋ የሚላከው ሰው ወዴት ይሂድ?